የአንባቢያን ጥያቄ፦ ሦስት ባንድ ያሳየው አንቲቦዲ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ ስለ አንድ ፕሮቲን የሚጠይቁ ናቸው። ፕሮቲኑ ኤፍጂኤፍአር3 ይባላል፤ አጥንት ምን ያህል እንደሚረዝም የሚወስነውን መልእክት የሚቀበል ተቀባይ ነው። እኔም የላብራቶሪ ሥራዬ የአጥንትና የካርቲሌጅ (ልም አጥንት) ፕሮቲኖችን በአንቲቦዲ፣ ማለትም አንድን ፕሮቲን ለይቶ በሚይዝ ሞለኪውል፣ መፈለግ ስለሆነ ሦስቱንም ደብዳቤዎች በአንድ ላይ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ሥራዬ አዲስ በተወለዱ አይጦች ጉልበት ካርቲሌጅ ውስጥ ኤፍጂኤፍአር3ን መለካት ነው። አንቲቦዲውን ውጭ አገር ያለች የአክስቴ ልጅ ናት የገዛችልኝ። ጥቅሉ ጉምሩክ ላይ ዘጠኝ ቀን ቆይቶ እጄ ሲገባ በረዶው ቀልጦ ውኃ ሆኖ ነበር። ዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን ጄል ላይ በክብደት ለይቶ፣ ሜምብሬን ወደሚባል ስስ ወረቀት አሻግሮ፣ አንቲቦዲ የያዘውን እንደ መስመር ወይም «ባንድ» የሚያሳይ ዘዴ) ሠራሁ። የፕሮቲን መረጃ ቋቱ የኤፍጂኤፍአር3 ክብደት 88 ኪሎዳልተን ነው ይላል፤ እኔ ግን ያየሁት 130፣ 120 እና 50 አካባቢ ሦስት ባንድ ነው። 88 ላይ ምንም የለም። አማካሪዬ «ሙቀት ገድሎታል፣ ጣዪው» አሉኝ። ሌላ የምገዛበት ገንዘብ የለኝም። ምን ላድርግ? — ሰ.፣ ከጎንደር

መልስ፦ እህቴ፣ አትጣዪው። ከጻፍሽልኝ ነገር እንደምረዳው አንቲቦዲሽ በደንብ እየሠራ ሳይሆን አይቀርም።

በሙቀቱ ልጀምር፤ አንቺንም አማካሪሽንም ያስጨነቀው እሱ ነውና። ለምርምር የሚሸጡት አንቲቦዲዎች አብዛኞቹ አይጂጂ የሚባለው ዓይነት ናቸው፤ ይህ ደግሞ ጠንካራ ሞለኪውል ነው። በክፍል ሙቀት ጥቂት ቀን ስለቆየ ብቻ አይሞትም። ይልቅስ የሚጎዳው በረዶ ሆኖ መቅለጥ፣ እንደገና በረዶ መሆን፣ እንደገና መቅለጥ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ፍሪዘር ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። በረዶውን ራሱ የሚያቀልጠው ዘመናዊ ፍሪዘር ደግሞ መብራት ባይጠፋም ይህንኑ ያደርጋል። ደግሞም አስቢው፤ የሞተ አንቲቦዲ ባዶ ሜምብሬን ነው የሚሰጥሽ፤ ቢበዛ የደበዘዘ ባንድና የጠቆረ ጀርባ። ጥርት ያለ 130 እና 120 ከየት ያመጣል?

አሁን ወደ ባንዶቹ። 88 የሚለው ቁጥር የመጣው ከስሌት ነው። የሰው ኤፍጂኤፍአር3 806 አሚኖ አሲዶች አሉት፤ የእነሱ ክብደት ሲደመር 88 ኪሎዳልተን ገደማ ይሆናል። ሴሉ ግን ፕሮቲኑን ራቁቱን አይተወውም። ተቀባዩ የሴሉን ሽፋን አንድ ጊዜ አቋርጦ የሚያልፍ ነው፤ ከውጭ የቀረው ክፍሉ ሦስት ጥቅልሎች አሉት፤ በእነዚህ ላይ ሴሉ የስኳር ሰንሰለቶችን ይለጥፍባቸዋል። መጀመሪያ ገና በሚሠራበት ክፍል ውስጥ እያለ ያልተስተካከለ ስኳር ይለጠፍበትና 120 አካባቢ ይሮጣል። ከዚያ ጎልጂ ወደሚባለው የሴሉ ክፍል አልፎ ስኳሩ ተስተካክሎ ወደ ሴሉ ገጽ ሲወጣ 130 ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱ ባንዶችሽ የአንድ ፕሮቲን ሁለት ዕድሜዎች ናቸው ብዬ እገምታለሁ። እንዲያውም ለሥራሽ ትርፍ ነው፦ መልእክት የሚቀበለው ገጹ ላይ የወጣው የ130ው ነው፤ ሁለቱን ለያይተሽ መለካት ትችያለሽ።

ግምቴን ግን አትመኚው፤ ፈትኚው። ፒኤንጌዝ ኤፍ የሚባል ኢንዛይም አለ፤ እንዲህ ያሉ የስኳር ሰንሰለቶችን ከፕሮቲኑ ላይ ይቆርጣል። ናሙናሽን ለሁለት ክፈዪ። አንዱን በኢንዛይሙ 37 ዲግሪ ላይ አቆዪው፣ ሌላውን ያለ ኢንዛይም በዚያው ሙቀት አቆዪውና ጎን ለጎን ጄሉ ላይ ጫኛቸው። ሁለቱ ባንዶች ወደ 100 ዝቅ ብለው አንድ ላይ ከገጠሙ ልዩነታቸው ስኳር ነበር ማለት ነው። ኢንዶ ኤች የሚባለውን ኢንዛይም ካገኘሽ ደግሞ የበለጠ ያጠራልሻል፤ እሱ ያልተስተካከለውን ስኳር ብቻ ስለሚቆርጥ 120ው ይወርዳል፣ 130ው ግን ካለበት አይንቀሳቀስም። ሁለቱም ኢንዛይሞች በዩኒቨርሲቲሽ ባይኖሩ በሌላ ዩኒቨርሲቲ የባዮኬሚስትሪ ክፍል ጠይቂ። የሚያስፈልግሽ ጥቂት ማይክሮሊትር ነው፤ ማንም አይነፍግሽም።

የ50ው ባንድ ሌላ ታሪክ ነው። በደብዳቤሽ ግርጌ አንቲቦዲው «ከአይጥ የተሠራ ሞኖክሎናል» (ሁሉም አንድ ዓይነት የሆነ አንቲቦዲ) መሆኑን ጽፈሻል፤ ናሙናሽም ከአይጥ ነው። እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ሁለተኛው አንቲቦዲ፣ ማለትም ብርሃን የሚሰጠውን ኤችአርፒ የሚባል ኢንዛይም የተሸከመው፣ ሥራው የአይጥ አንቲቦዲ ያገኘበት ቦታ ሁሉ መለጠፍ ነው። አንቺ የጨመርሽውንና አይጡ በደሙ ውስጥ የነበረውን አይለይም። አዲስ ከተወለደ አይጥ ጉልበት ካርቲሌጅ ስታወጪ ደም አብሮ መምጣቱ አይቀርም፤ በደሙ ውስጥ ያለው አይጂጂ ጄሉ ላይ ሲፈታ ከባዱ ሰንሰለት 50 ላይ፣ ቀላሉ 25 ላይ ይቆማል። ጄልሽን እስከ ታች ካሮጥሽው 25ቱ አምልጦሽ ሊሆን ይችላል። ማረጋገጫው አንድ ቁራጭ ሜምብሬን ነው፦ የመጀመሪያውን አንቲቦዲ ሳትጨምሪ ሁለተኛውን ብቻ አድርጊበት። 50ው አሁንም ካበራ የአይጡ የራሱ ነው። ለወደፊቱ ከጥንቸል የተሠራ አንቲቦዲ ብትገዢ ይህ ጣጣ አይኖርም። እስከዚያው ካርቲሌጁን በቀዝቃዛ ፒቢኤስ (የጨው መፍትሔ) ደጋግመሽ እጠቢ፤ ቀይ ነገር ያለበትን ጫፍ በምላጭ ቆርጠሽ አስወግጂ።

እስካሁን ያልኩሽ ሁሉ ቢሳካ እንኳ አንድ ትልቅ ጥያቄ ይቀራል፤ ብዙ ሰው የሚያልፈውም እሱን ነው። ይህ ባንድ በእርግጥ ኤፍጂኤፍአር3 ነው? ተቀባዩ ሦስት ወንድሞች አሉት፦ ኤፍጂኤፍአር1፣ 2 እና 4። በተለይ ከሴሉ ውስጥ ያለው የኢንዛይም ክፍላቸው በጣም ይመሳሰላል፤ ሁሉም ስኳር ይለብሳሉ፤ ጄል ላይም ተቀራርበው ይቆማሉ። አንቲቦዲሽ በዚያ ተመሳሳይ ክፍል ላይ የተሠራ ከሆነ አንዱን ከሌላው ሳይለይ ሊይዝ ይችላል። የአንቲቦዲውን ወረቀት አውጥተሽ የትኛውን የፕሮቲኑን ክፍል እንደሚይዝ አንብቢ። መጨረሻው ጅራት ላይ ከሆነ ጥሩ ነው፤ እዚያ ላይ ወንድማማቾቹ ይለያያሉ።

ከወረቀቱ በላይ ግን የሚያሳምነኝ ፕሮቲኑ በሌለበት ባንዱ መጥፋቱ ነው። አንቲቦዲ እንደ ምስክር ነው፤ ያየውን ሲናገር ብቻ ሳይሆን ባላየበት ቦታ «አላየሁም» ሲልም ነው የሚታመነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ቡድን አንቲቦዲ የሚፈተንባቸውን አምስት መንገዶች ሲያወጣ ዘረ-መሉን አጥፍቶ ማየትን አንዱ አድርጎ ያስቀመጠው ለዚህ ነው። ኤፍጂኤፍአር3 የሌላቸው አይጦች እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ አሉ። እነሱን ለሚያረባ ላብራቶሪ አጭር ኢሜይል ጽፈሽ ጥቂት የተፈጨ የካርቲሌጅ ናሙና ጠይቂ። አንቺን ስታፍሪ አይቼ አይደለም፤ ከአገራችን የሚጽፉ ተማሪዎች ግን ይህን መጠየቅ እንደ ልመና ሲቆጥሩት ስላየሁ ነው የማሳስብሽ። ልመና አይደለም፤ ሳይንስ የሚሠራው እንዲህ ነው።

እሱ ካልተሳካ ደግሞ ሴል አለ። ኬኤምኤስ-11 የተባለው የማየሎማ (የመቅኔ ካንሰር) ሴል ክሮሞዞም 4 እና 14 ቦታ ስለተለዋወጡበት ኤፍጂኤፍአር3ን በብዛት ያመርታል። በአዎንታ ማነጻጸሪያነት እሱን ጫኚ። ኤችኢኬ293 በሚባለው የላብራቶሪ ሴል ውስጥ የኤፍጂኤፍአር3ን ፕላስሚድ (ዘረ-መሉን የተሸከመ ክብ ዲኤንኤ) ያስገባሽበትንና ያላስገባሽበትንም አጠገቡ አድርጊ። ወንድሞቹን ለመለየት ኤፍጂኤፍአር1ን ያስገባሽበት አንድ ተጨማሪ መስመር ብትጨምሪ፣ እዚያ ላይ ባንድ ካልታየሽ አንቲቦዲሽን ልታምኚው ትችያለሽ።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። መመረቂያ ጽሑፍሽ ላይ ሙሉውን ሜምብሬን አሳዪ። 130ውን ብቻ ቆርጠው የሚለጥፉ ጽሑፎች ስንቱን ተማሪ እንዳሳሳቱ በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንባቢው 50ው እንዳለ ሳያውቅ ያው አንቲቦዲ ገዝቶ በዚያው ባንድ ይጨነቃል። የአንቲቦዲውን ካታሎግ ቁጥር፣ የሎት ቁጥር፣ ምን ያህል እንዳቀጠንሽው ጻፊ። ወደፊት የምትገዢው ፖሊክሎናል (የብዙ ዓይነት አንቲቦዲዎች ድብልቅ) ከሆነ ሎት ሲቀየር ባሕርዩም ሊቀየር ይችላል። የቀረውንም ዛሬውኑ አስቀምጪ። ግሊሰሮል ያለበት ከሆነ ሲቀነስ 20 ዲግሪ ላይ ስለማይረጋ እንዳለ ይቀመጣል፤ ከሌለበት ግን ለአንድ ለአንድ ሙከራ በሚበቃ መጠን በትንንሽ ቱቦ ከፋፍለሽ አስቀምጪ፤ አንዴ የቀለጠውን ወደ ፍሪዘር አትመልሺ።

ለአማካሪሽም በአክብሮት የሁለተኛውን አንቲቦዲ ብቻ ሙከራ ውጤት ይዘሽ ግቢ። ከክርክር ይልቅ ምስሉን ያምናሉ።

ጥያቄ፦ የስምንት ወር ሴት ልጅ አለችኝ። ሐኪም አኮንድሮፕላዢያ (አጥንት እንደሚገባው እንዳይረዝም የሚያደርግ ሕመም) ነው አለን። እኔም ባለቤቴም ቁመታችን እንደማንኛውም ሰው ነው። ኢንተርኔት ላይ ሳነብ የዚህ ሕመም መነሻ የሆነውን ኤፍጂኤፍአር3 የሚያሳይ አንቲቦዲ እንደሚሸጥ አየሁ። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ገዝቶ ቢልክልኝ የልጄን ደም በእሱ ማስመርመር እችላለሁ? ቤተሰብ ውስጥም «ከማን ዘር መጣ» የሚል ወሬ ተነስቶ ባለቤቴን እያስለቀሳት ነው። — የልጅ አባት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ወንድሜ፣ አንቲቦዲውን አያስገዙ። ገንዘብዎን ያስቀምጡት፤ ለሌላ ይጠቅምዎታል። ጠርሙሱ ላይ «ለምርምር ብቻ» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ያም በከንቱ የተጻፈ አይደለም። የልጅዎ ተቀባይ አልጠፋም። ያለው ለውጥ በ380ኛው ቦታ ላይ ግላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ በአርጂኒን መተካቱ ብቻ ነው፤ ከ806ቱ አንዷ ማለት ነው። አንቲቦዲው የሚይዘው ሌላ ቦታ ስለሆነ ለውጥ ያለበትንም የሌለበትንም እኩል ያያል። ደሟን ቢመረምሩበት የሚነግርዎት ነገር አይኖርም።

የሚያስፈልገው የዲኤንኤ ምርመራ ነው። ቀላልም ነው፤ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑት የአኮንድሮፕላዢያ ልጆች ለውጡ ያለባቸው በዚያችው አንድ ፊደል ላይ ስለሆነ የት እንደሚታይ ይታወቃል። ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። የሚገርመው፣ ዘረ-መሉ መጀመሪያ ትኩረት የሳበው በክሮሞዞም 4 ጫፍ የሀንቲንግተን ሕመምን መንስኤ ሲፈልጉ በነበሩ ሰዎች ዘንድ ነበር፤ የሀንቲንግተን መንስኤ አለመሆኑ ታውቆ ሲታለፍ የአጥንት ዕድገት ቁልፍ ሆኖ ተገኘ። ብዙ ጊዜ ግን ሐኪም የልጅቷን አካልና ራጅ አይቶ ያለ ዲኤንኤም በእርግጠኝነት ይለየዋል።

ስለ ወሬው። እባክዎ ይህን ለቤተሰቡ ያንብቡላቸው። ይህ ለውጥ ካለባቸው ልጆች ከአምስቱ አራቱ የሚወለዱት ልክ እንደ እናንተ ቁመታቸው መደበኛ ከሆኑ ወላጆች ነው። ለውጡ ከማንም ዘር አልወረደም፤ አዲስ የተፈጠረ ነው። የሚፈጠረውም በአባት የዘር ፍሬ ውስጥ ነው፤ አባት ዕድሜው ሲገፋ ዕድሉ ጥቂት ይጨምራል። ይህን የምነግርዎ እርስዎን ልወቅስ አይደለም፤ ማንም ምንም አድርጎ ወይም ሳያደርግ ቀርቶ የሚመጣ አይደለምና። የምነግርዎ ባለቤትዎ እንዳይወቀሱ ነው። በእርግዝናቸው ጊዜ የበሉት፣ የሠሩት፣ የደነገጡት ምንም አያገባውም። ሌላ ልጅ ብትወልዱ እንደገና የመከሰቱ ዕድል ከ1 በመቶ በታች ነው።

ሕመሙ የተቀባዩ ማነስ ሳይሆን ከልክ በላይ መሥራት እንደሆነ ቢያስቡት ይቀላል። ኤፍጂኤፍአር3 የአጥንትን ዕድገት የሚገታ ፍሬን ነው። እሱ የሌላቸው አይጦች አጥንታቸው ከልክ በላይ ይረዝማል። በልጅዎ ደግሞ ፍሬኑ ሳይነካ የተያዘ ነው። ይህን የሚያላላ ቮሶሪታይድ የሚባል መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2021 በአውሮፓና በአሜሪካ ተፈቅዷል። በየቀኑ ከቆዳ ሥር የሚወጋ ነው። 121 ልጆች በተሳተፉበት ጥናት መድኃኒቱን የወሰዱት ካልወሰዱት በዓመት በአማካይ 1.57 ሴንቲሜትር የበለጠ አድገዋል። ዋጋው እጅግ ከባድ ነው፤ ስለዚህ ይህን የጻፍኩት እንዲያውቁት እንጂ ዛሬ እንዲያሳድዱት አይደለም።

ዛሬ የሚያስፈልጋት ሌላ ነው፤ እኔ የላብራቶሪ ሰው ስለሆንኩ የሕፃናት ሐኪሟ ዘንድ ይዘውት የሚሄዱትን ብቻ ልንገርዎ። የአኮንድሮፕላዢያ ሕፃናት ከራስ ቅል ወደ አንገት የሚወርደው ቀዳዳ ሊጠባቸው ይችላል። ስትተኛ ትንፋሿ የሚቋረጥ፣ በጣም የሚያላባት ወይም የምታንኮራፋ ከሆነ፣ እጅና እግሯም የላላ ከሆነ ቀጠሮ አይጠብቁ። የራሷ ዙሪያ በየጊዜው ይለካ፤ ለአኮንድሮፕላዢያ ልጆች የተለየ መለኪያ ሠንጠረዥ አለ። ጀርባዋ ራሱን መሸከም እስኪችል ሳትደገፍ አታስቀምጧት። በአንቀልባ ስትታዘል ጀርባዋ እንደ ቅስት ስለሚታጠፍ ባለቤትዎ እንዴት ይዘዋት እንደሚንቀሳቀሱ ሐኪሙን በግልጽ ይጠይቁ፤ የአስተዛዘላችን ነገር በውጭ መጻሕፍት ስለሌለ ሐኪሙም ሳይጠየቅ ላያነሳው ይችላል። ጆሮዋም ቶሎ ቶሎ ስለሚያመረቅዝ መስማቷ ይመርመር።

ጥያቄ፦ የሂስቶሎጂ (የአካል ክፍልን በስሱ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ የማየት ሥራ) ቴክኒሻን ነኝ። በጥናት ፕሮጀክት ላይ የአይጠ-መጎጥ ጭን አጥንት ቆርጬ በኤፍጂኤፍአር3 አንቲቦዲ ሳቀልም ወይ ምንም አይታይም፣ ወይ ሁሉም ነገር ቡናማ ይሆናል። አጥንቱን የማለሰልሰው በናይትሪክ አሲድ ነው። — ተ.፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ አሲዱን ተወው። ናይትሪክ አሲድ በአንድ ቀን ያለሰልስልሃል፤ ነገር ግን አንቲቦዲው የሚይዘውን ቦታም አብሮ ያጠፋዋል። ካልሲየምን በዝግታ በሚያወጣው በኤዲቲኤ፣ ፒኤች 7.4 ላይ አድርገው። ሳምንታት ይፈጃል፤ ፈሳሹን በየሁለትና ሦስት ቀኑ ቀይር። ማለቁን በመርፌ እየወጋህ አትፈትን፣ ሴሎቹን ትቀድዳለህ፤ ራጅ ክፍል ያሉ ጓደኞችህ አንድ ምስል ያንሱልህ።

ቁራጩን ስላይድ ላይ ከለጠፍክ በኋላ አታፍላው፤ አጥንት ሲፈላ ይላቀቃል። በሲትሬት ውስጥ 60 ዲግሪ ላይ አሳድረው፤ ካርቲሌጁን የሚከፍተውን ሃያሉሮኒዴዝ የተባለ ኢንዛይም ደግሞ ለብቻው በሌላ ደረጃ ተጠቀም። ሁሉም ቡናማ መሆኑ ከመቅኔው ነው፤ የደም ሴሎች የራሳቸው ፐሮክሲዴዝ አላቸውና ከአንቲቦዲው በፊት በ3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ አጥፋው። አንቲቦዲህ ከአይጥ ከሆነ ሁለተኛው አንቲቦዲ የአይጠ-መጎጥን አይጂጂ እንዳይዝ የተጣራ መሆኑን እይ፤ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል።

ሲሳካ ቀለሙ የት መሆን እንዳለበት ልንገርህ፦ በዕድገቱ ሰሌዳ ውስጥ እንደ ሳንቲም ተደርድረው በሚባዙት ሴሎችና ማበጥ ሊጀምሩ በተቃረቡት ላይ። መቅኔው፣ ጡንቻውና ያረጀው አጥንት እኩል ቀለም ከያዙ ያየኸው ኤፍጂኤፍአር3 አይደለም። ያለ መጀመሪያው አንቲቦዲ የሠራኸውን ስላይድ ፎቶ አንስተህ ከሌላው ጋር አብረህ ላክልኝ፤ በሚቀጥለው እትም እናየዋለን።